በሁለት መስታወት መሀል የገባ ውሃ፦ የአንድ አዳማ ቤት መስኮቶች ጥገና

አዳማ ውስጥ፣ ወደ መተሐራ ከሚያወጣው ዋና መንገድ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ባለ አንድ ፎቅ ቤት አለ። 11 መስኮቶች አሉት። ሁሉም አሉሚኒየም ናቸው፤ ሁሉም ባለ ሁለት መስታወት። ከተገጠሙ 9 ዓመት አልፏቸዋል። ሦስቱ በመስታወቶቻቸው መሀል ጉም ይዘዋል። አንድ የመኝታ ቤት መስኮት ሲዘጋ ከታች ይፈትጋል። የሳሎኑ ተንሸራታች መስኮት ያለ ሁለት እጅ አይነቃነቅም። ክረምት ላይ ውሃ ይገባል፤ በጋ ላይ አቧራ ይገባል። ሌሊት ደግሞ የከባድ መኪና ድምፅ እንቅልፍ ይነሳል።

ባለቤቶቹ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ናቸው። ቀድሞ ያየላቸው ባለሙያ «ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል፤ ሁሉም ተነቅለው አዲስ ይገጠም» ብሏቸው ሄዷል። በጡረታ ለሚኖር ሰው ይህ የሚታሰብ ወጪ አይደለም። «እስቲ አንተም እየውና ቁርጡን ንገረን» ብለው ጠሩኝ። ጊዜው መስከረም መጨረሻ ነበር፤ ዝናቡ ገና መቆሙ ነው።

እኔ እንጀራዬ አሉሚኒየምና መስታወት ነው። ይህን ጉዳይ በዝርዝር የምጽፈው ተመሳሳይ ነገር በየሰፈሩ ስለማይ ነው። ባለ ሁለት መስታወት መስኮት ሲበላሽ ሰው መጀመሪያ መስታወቱን ይወቅሳል። ወይ ያስቀይረዋል፣ ወይ ዙሪያውን በሲልኮን ያስለስነዋል። መስታወቱን ምን እንደገደለው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህ ካልታወቀ አዲሱም በዚያው መንገድ ይሄዳል።

ነፋሱና መንገዱ

የአዳማን ነፋስ የማያውቅ የለም። ከከተማዋ ወጣ ሲባል ከፍታው ላይ የሚታዩት የነፋስ ተርባይኖች እዚያ የተተከሉት በምክንያት ነው። የመጀመሪያው ጣቢያ 51 ሜጋ ዋት፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ያው ነፋስ የቤት መስኮትም ይገፋል። በበጋ ደቃቅ አቧራ ተሸክሞ ይመጣል። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡን በጎን ይወረውረዋል። እንዲህ ባለ ቦታ የመስኮት ጎማ ትንሽ ካጠረ ወይም የውሃ መውጫ ከተደፈነ፣ በአንድ ክረምት ውስጥ ይታወቃል።

መንገዱም አለ። ከጅቡቲ ወደብ የሚመጣው ጭነት በአዋሽና በመተሐራ አልፎ አዳማ ይገባል። ተሳቢው ሌሊቱን ሙሉ አይቆምም። እነዚህ ባልና ሚስት ባለ ሁለት መስታወት ያስገጠሙትም ለድምፁ ብለው ነው። «መጀመሪያ ላይ እኮ ምንም አይሰማም ነበር» አሉኝ ጋሼ። ይህችን ቃል ያዝኳት። መጀመሪያ ላይ ጸጥታ ከነበረ በኋላ የተለወጠ ነገር አለ ማለት ነው።

ጣት የሚነግረን

ባለ ሁለት መስታወት ስንል ሁለት ቅጠል መስታወት ፍሬም ውስጥ ጎን ለጎን ተደርድሮ ማለት አይደለም። ሁለቱ ፋብሪካ ውስጥ ተጣብቀው አንድ ዕቃ ሆነው ይመጣሉ። በመሀላቸው ዙሪያውን ቀጭን፣ ውስጡ ክፍት የሆነ የአሉሚኒየም ዘንግ አለ። ዘንጉ ውስጥ እርጥበት የሚመጥጡ ትናንሽ ፍሬዎች ይሞላሉ። በውስጠኛው ፊቱ ላይ ባሉ ደቃቅ ቀዳዳዎች በኩል ፍሬዎቹ መሀል ያለውን አየር ያደርቃሉ። ከዘንጉ ጎንና ጎን ቡቲል የሚባል ለስላሳ ጥቁር ማጣበቂያ አለ። ሥራው እርጥበት እንዳይገባ መዝጋት ነው። ከእሱ ውጭ ደግሞ ጠንከር ያለ ሁለተኛ ማጣበቂያ ይለሰንና ሁለቱን መስታወት አጥብቆ ይይዛል።

ማጣበቂያው አንድ ቦታ ሲለቅ መስታወቱ ወዲያው አያልበውም። ፍሬዎቹ የሚገባውን እርጥበት እየመጠጡ ጊዜ ይገዛሉ። ሲጠግቡ ነው ጉሙ የሚታየው። በመጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ብቻ ይመጣል፤ ፀሐይ ሲወጣ ይጠፋል። ቆይቶ አይለቅም። ይባስ ብሎ መስታወቱ ላይ ነጭ እድፍ ይጥላል። ያ እድፍ ቢደርቅም አይጠፋም።

እትዬ ጨርቅ ይዘው ጠበቁኝ። «ልጄ፣ ከውስጥም ከውጭም ወለወልኩት። አልለቅ አለ» አሉ። ትክክል ነበሩ። ፈተናው ይኸው ነው። ጣትህን በጉሙ ላይ አሳልፍ። ከውስጥ በኩል መስመር ካበጀ እርጥበቱ የቤቱ ነው፤ የምግብ ማብሰያ፣ የልብስ፣ የእስትንፋስ። ክፍሉን ማናፈስ ነው መፍትሔው። ከውጭ በኩል መስመር ካበጀ ቀዝቀዝ ያለ ሌሊት አልፏል ማለት ነው፤ ፀሐይ ይጨርሰዋል። በሁለቱም በኩል መስመር ካላበጀ ጉሙ መሀል ነው፤ ጥንዱ መስታወት ሞቷል።

በዚህ መንገድ 11ዱንም አየን። የሞቱት ሦስት ናቸው፦ ሁለት የመኝታ ቤት መስኮቶች፣ ሁለቱም ዝናብ በሚገርፈው ግድግዳ ላይ፣ እና አንዲት ጠባብ የደረጃ መስኮት። ስምንቱ ደህና ናቸው። ስለዚህ «ሁሉም ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል» የሚለው ወሬ እዚያው ወደቀ። በአንድ ቀን የተገጠሙ፣ ከአንድ ቦታ የመጡ መስኮቶች ናቸው። ሦስቱ ብቻ ሲሞቱ ምክንያቱን ዕድሜ ላይ መጣል አይቻልም።

አንድ ብርጭቆ ውሃ

የአሉሚኒየም መስኮት ሙሉ በሙሉ ውሃ እንዳይገባበት ተደርጎ አይሠራም። ይህን ብዙ ሰው ሲሰማ ይገርመዋል። ከመስታወቱ ውጭ ባለው ጎማ በኩል ጥቂት ውሃ ወደ ፍሬሙ ውስጥ እንደሚገባ ታስቦ ነው የሚሠራው። የገባው ውሃ ከታች ባሉ ሞላላ ቀዳዳዎች በኩል ወደ ውጭ ይፈሳል። እነዚህ ቀዳዳዎች ከውጭ፣ ከፍሬሙ ታችኛ ፊት ላይ ይታያሉ። ብዙ ሰው የፋብሪካ ጉድለት ይመስሉታል።

ፈተናው ቀላል ነው። መስኮቱን ክፈት፤ ታችኛው የፍሬም ቦይ ውስጥ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀስ አድርገህ አፍስስ። ውሃው በውጭ በኩል መፍሰስ አለበት። ደህና የሆኑት የመኝታ ቤት መስኮቶች ላይ ወዲያው ፈሰሰ። ጉም የያዙት ሁለቱ ላይ ግን ውሃው እዚያው ቆመ። ወጥቼ ከውጭ አየሁት። ታችኛው ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር ወፍራም ሲልኮን ተለስኗል። ቀዳዳዎቹ የሉም፤ ከሥሩ ተቀብረዋል።

ጋሼን ጠየቅኳቸው። ከሦስት ክረምት በፊት በነዚህ መስኮቶች ትንሽ ውሃ ይገባ ነበር። አንድ የሰፈር ሠራተኛ መጥቶ «በታች ነው የሚገባው» አለና በሲልኮን ዘጋው። ሠራተኛው በክፋት አልነበረም ያደረገው። ውሃ ታች አየ፤ ታችን ዘጋ። ውሃው ግን በታች አልነበረም የሚገባው። ላይኛው ጥግ ላይ ጎማው አጥሮ ክፍተት ፈጥሯል፤ በዚያ ገብቶ ወደ ታች ይወርዳል። የመውጫው በር ሲዘጋበት ፍሬሙ ውስጥ ቆመ፤ ሞልቶ ሲተርፍ ወደ ክፍሉ ፈሰሰ። «ከተሠራ በኋላ እንዲያውም ባሰበት» አሉ እትዬ። እውነታቸውን ነው።

የመጀመሪያውን ጥንድ ስናወጣ ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነ። መስታወቱን የሚይዘውን ዘንግ በስፓቱላ ከመሀል ጀምሬ አላቅቄ አወጣሁት። ከሥሩ ጥቁር ጭቃና የቆመ ውሃ ነበር። መስታወቱ በቀጥታ ፍሬሙ ላይ መቀመጥ የለበትም፤ ከሥሩ የፕላስቲክ ማረፊያ ገብቶ ጠርዙ ከውሃው ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። እዚህ ግን ከመጀመሪያውም በፕላስቲክ ፋንታ የእንጨት ቁራጭ ነው ያስገቡለት። እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ አብጧል፣ በስብሷል፣ ጠርዙን አርጥቦ ይዞታል። የጥንዱ ማጣበቂያ ከታች በኩል በእጅ ሲነካ ይላጣል። ማጣበቂያ ዝናብ ይችላል። ወራት ሙሉ ውሃ ውስጥ መቀመጥ ግን አይችልም።

ሲልኮኑም ራሱ ተስማሚ አልነበረም። አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ርካሽ ዓይነት ነው። ሽታው ሲደርቅ ከሚለቀው አሲድ የሚመጣ ነው፤ ያ አሲድ የጥንዱን ማጣበቂያ ሊጎዳ ይችላል። ለእንዲህ ያለ መስኮት «ኒውትራል» የሚል የተጻፈበትን መግዛት ነው። ቱቦው ላይ ካልተጻፈ ሽታው ይነግራችኋል።

የደረጃዋ መስኮት

የደረጃዋ መስኮት ግን ግራ አጋባችኝ። ዝናብ የማይደርስባት ግድግዳ ላይ ናት። ቀዳዳዋ ክፍት ነው። ማረፊያዋም ፕላስቲክ። ስትወጣ ጠርዟ ደረቅ ነበር። ማጣበቂያዋ ግን ከአንድ ጥግ ተሰንጥቋል።

ቀጥ ያለ ማስመሪያ አመጣሁና ደህና በሆነው ትልቁ የሳሎን መስታወት ላይ አስደገፍኩት። መሀሉን ነክቶ ሁለቱ ጫፎች ላይ ክፍተት ተወ። መስታወቱ ወደ ውጭ አብጧል። ከውስጥም ለካሁት፤ በዚያም በኩል አብጧል። ራቅ ብሎ ለሚያይ ሰው መስታወቱ ላይ የሚታየው የኤሌክትሪክ ምሰሶ ጎበጥ ብሎ ይታያል።

እነዚህ ጥንዶች ከውጭ አገር ተጣብቀው የመጡ ናቸው። ፋብሪካው ባህር ጠለል አካባቢ ካለ፣ መሀላቸው የታሸገው አየር የዚያ ቦታ አየር ነው። አዳማ ደግሞ ከባህር ጠለል ከ1600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። እዚህ የአየር ግፊቱ ከባህር ጠለል 18 በመቶ ገደማ ያንሳል። የታሸገው አየር መስፋት ይፈልጋል፤ ሁለቱን መስታወት ከመሀል ወደ ውጭ ይገፋል። ፀሐይ ሲያርፍበት ደግሞ ይጨምራል። የመሀሉ አየር በ30 ዲግሪ ቢሞቅ ግፊቱ በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። በየቀኑ ከቀትር እስከ ሌሊት ይነፋል፣ ይረግባል።

ትልቅ መስታወት ይህን ይችለዋል። ሰፊ ስለሆነ ይጎብጥና ግፊቱን ያስተነፍሰዋል። ትንሽና ጠባብ መስታወት ግን አይጎብጥም። ግትር ነው። ስለዚህ ግፊቱ ሁሉ ጠርዙ ላይ፣ ማጣበቂያው ላይ ያርፋል። የደረጃዋ መስኮት 30 በ90 ሳንቲ ሜትር ናት። ከ11ዱ ትንሿ እሷ ናት፤ የከሰዓት ፀሐይ የሚመታትም እሷ ናት። ምንም ውሃ ሳይነካት የሞተችበትን ምክንያት ከዚህ ሌላ አላገኘሁም።

ይህ ነገር በዓለም ላይ የታወቀ ነው። ደጋ ቦታ ለሚገጠም መስታወት ፋብሪካዎች በመሀለኛው ዘንግ በኩል እንደ መርፌ የቀጠነ ቱቦ ያስገባሉ። አየሩ በዚያ ተንፍሶ ከቦታው ጋር ይስተካከላል። እኛ አገር የምንኖረው አብዛኞቻችን ከፍታ ላይ ነን። መስታወት ከውጭ የሚያዝ ሰው ይህን ካልጠየቀ ማንም አያስታውስለትም። ቤት ለሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን ሳልናገር አላልፍም።

መብሳት ወይስ መቀየር

ጋሼ አንድ ነገር ሰምተዋል። «መስታወቱን በስተው፣ አድርቀው፣ መልሰው ይደፍኑታል ይባላል። ይቻላል?» አሉኝ።

ይቻላል። ውጭ አገር የሚሠሩት አሉ። በጥግ ላይ ደቃቅ ቀዳዳ ይበሳል፣ ውስጡ ይደርቃል፣ ትንሽ መተንፈሻ ይገጠማል። ጉሙ ሊጠፋ ይችላል። ነገር ግን የለቀቀው ማጣበቂያ እንደለቀቀ ነው፤ የጠገቡት ፍሬዎችም እንደጠገቡ ናቸው። የወደቀው ነጭ እድፍም አይነሳም። መስታወቱ ቴምፐርድ፣ ማለትም በሙቀት የጠነከረ፣ ከሆነ ደግሞ ገና መሰርሰሪያው ሲነካው ፍርፋሪ ይሆናል። የደረጃዋ መስኮት ጥግ ላይ የቴምፐርድ ማኅተም ነበር። ስለዚህ መብሳትን አልመከርኩም። የሞተ ጥንድ አይጠገንም፤ ይቀየራል። ፍሬሙ ግን አይነካም። ይህንን ነው ብዙ ሰው የማያውቀው። ሙሉ መስኮት መንቀል አያስፈልግም።

ልኬት ወሰድኩ። የፍሬሙን የውስጥ ስፋት በሦስት ቦታ፣ ቁመቱንም በሦስት ቦታ ለካሁ። ትንሹን ቁጥር ያዝኩ፤ ከእሱ ላይ በየጎኑ 5 ሚሊ ሜትር ቀነስኩ። መስታወቱ ሲሞቅ የሚፍታታበትና ማረፊያ የሚገባበት ቦታ ያስፈልገዋል። ውፍረቱን በካሊፐር ለካሁ፤ 22 ሚሊ ሜትር። ማለትም 5 መስታወት፣ 12 ክፍተት፣ 5 መስታወት። ውፍረቱ በ1 ወይም በ2 ሚሊ ሜትር ቢሳሳት መያዣው ዘንግ ወይ አይገባም ወይ ይላላል።

እዚህ ላይ ለመኝታ ቤቶቹ ትንሽ ለውጥ አደረግን። ሁለት እኩል ውፍረት ያላቸው መስታወቶች ድምፅን በመከልከል የሚደክሙት በተመሳሳይ የድምፅ ዓይነት ላይ ነው። አንዱ የሚያሳልፈውን ሌላውም ያሳልፈዋል። ውፍረታቸው ከተለያየ አንዱ የአንዱን ድካም ይሸፍናል። ስለዚህ በ5 እና በ5 ፋንታ 6 እና 4 አዘዝን። ጠቅላላ ውፍረቱ ያው 22 ነው። ክብደቱም አይለወጥም። አንድ ካሬ ሜትር መስታወት በየሚሊ ሜትሩ 2.5 ኪሎ ስለሚመዝን፣ ሁለቱም በካሬ 25 ኪሎ ናቸው። ማጠፊያው አዲስ ሸክም አልመጣበትም።

ጥንዶቹ አዲስ አበባ ተጣበቁ። አዲስ አበባ ከአዳማ በ700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ ስለዚህ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ የታሸገው አየር እዚህ ሲወርድ ይጨመቃል። መስታወቶቹ ወደ ውስጥ ይሳባሉ። በ12 ሚሊ ሜትር ክፍተት ለትልልቆቹ ይህ ምንም አይደለም።  ለደረጃዋ ግን ቀጭኑ ቱቦ እንዲገባላትና ክፍት ሆና እንድትመጣ ጠየቅን። አዳማ አድራ አየሯ ሲስተካከል ቱቦውን ቆንጥጬ በማጣበቂያ ዘጋሁት። ደረጃ ላይ ስለሆነች እንደገና ቴምፐርድ ነው የታዘዘችው። ቴምፐርድ አንዴ ከወጣ አይቆረጥምና ልኬቷን ደጋግሜ አረጋገጥኩ።

የሚፈትገው መስኮት

ከሁለቱ የመኝታ ቤት መስኮቶች አንዱ ሲዘጋ ከታች ይፈትግ ነበር። ሰው እንዲህ ሲሆን ማጠፊያውን ያጠብቃል፣ ወይም ፍሬሙን ይሞርደዋል። ማጠፊያው ግን ደህና ነበር። ችግሩ እንጨቱ ነው። የመስታወቱ ማረፊያ ያለ ቦታው ገብቷል።

የሚከፈት መስኮት ላይ መስታወቱ ራሱ ደጋፊ ነው። አንድ ማረፊያ ከታች በማጠፊያው በኩል ይገባል። ሌላው በሰያፍ፣ ከላይ በእጀታው በኩል። በዚህ ጊዜ መስታወቱ ተንጠልጥሎ የሚወድቀውን ጥግ ይዞ ያነሳዋል። የግቢ በር ላይ ከታችኛው ማጠፊያ ወደ ላይኛው ጥግ የሚሄደው ሰያፍ ብረት የሚሠራው ሥራ ነው። አዲሱ ጥንድ 70 በ110 ሳንቲ ሜትር፣ 19 ኪሎ ገደማ ነው። ማረፊያዎቹን በትክክለኛ ቦታቸው ሳስገባ ጥጉ ተነሳ። መስኮቱ በአንድ ጣት ተዘጋ። ሞረድም አላስፈለገም።

ከመግጠሜ በፊት ያንን ሲልኮን ሁሉ ፋቅኩት። ቀዳዳዎቹን በሽቦ ከፈትኩ፣ ቦዩን በውሃ አጠብኩ። እንደገና አንድ ብርጭቆ ውሃ አፈሰስኩ። እትዬ ከውጭ ቆመው «ወጣ! ወጣ!» አሉ።

ተንሸራታቹን ባጭሩ ልንገራችሁ። የሚንሸራተትባቸው ትናንሽ መንኮራኩሮች በአቧራና በግሪስ ተለውሰው ድንጋይ ሆነዋል። አንድ ሰው በደግነት ግሪስ ቀብቷቸዋል። አዳማ ላይ ግሪስ አቧራ መያዣ ነው። መዝጊያውን አንስቼ አወጣሁት፣ መንኮራኩሮቹን በብሩሽ አጸዳሁ፣ አንዱን ቀየርኩ። ሐዲዱን በደረቅ ብሩሽ ጠረግኩና ደረቅ የሲልኮን ስፕሬይ ነፋሁበት። ከጎን በታች ባለችው ብሎን ከፍታውን አስተካከልኩ። አለቀ።

እጣን

ድምፁና አቧራው ቀሩ። ክፍተት መፈለግ አለብን። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ነፋስ ያለበትን ከሰዓት መረጥን። እትዬ ቡና እያፈሉ ነበርና እጣኑን ከማጨሻው ጋር ተዋስኩ። መስኮቱን ዘግቼ ጭሱን በጠርዙ ዙሪያ ቀስ እያልኩ አዞርኩት። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ደህና ነው። ከተጣመመ ወይም ከተበተነ እዚያ ነፋስ አለ። ከዚያ አንድ ወረቀት መስኮቱ ላይ አጣብቆ መዝጋትና መሳብ ነው። ወረቀቱ ያለ ችግር ከወጣ ጎማው አልያዘም።

ጭሱ ሁለት ነገር ነገረን። አንደኛው የጠበቅኩት ነው። የመዝጊያዎቹ ጎማ በብዙ ጥግ ላይ አጥሯል፤ አንዳንዱ ቦታ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት አለ። ጎማ በፀሐይ ይኮማተራል። ሲገጠም ከተለጠጠ ደግሞ ይብስበታል፤ የተለጠጠ ጎማ ሁልጊዜ ወደ ራሱ ይመለሳል። አዲሱን ስናስገባ ትንሽ አስረዝመን ቆርጠን፣ ሳንጎትት፣ ወደ ውስጥ እየገፋን ነው ያስገባነው። መገናኛው ከላይ መሀል ላይ እንዲሆን አደረግን፤ ጥግ ላይ አይደለም። ጎማን በናፍጣ ወይም በቤንዚን የሚያጸዱ አሉ። ይህ ዓይነቱ ጎማ ዘይት ነክ ነገር ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ሳሙናና ውሃ ይበቃል።

ሁለተኛው ግን እኔም በዚህ መጠን አልጠበቅኩትም። በመንገዱ በኩል ባለው መኝታ ቤት ጭሱ ከመስኮቱ ጋር ሳይሆን ከፍሬሙና ከግድግዳው መገናኛ ጋር ተጣመመ። ቀለሙን ፋቅ ሳደርግ ከሥሩ የተሰነጠቀ ልስን አገኘሁ። ከልስኑ በስተጀርባ ባዶ ነው። አሉሚኒየም በሙቀት ይረዝማል፣ ያጥራል። ሲሚንቶ አይከተለውም፤ ይሰነጠቃል። የጋሼ እንቅልፍ የጠፋው በዚህ ስንጥቅ ነው። ድምፅ አየር በገባበት ሁሉ ይገባል። የፈለገውን ያህል ጥሩ መስታወት ቢገጠም ዙሪያው ክፍት ከሆነ ምንም አይፈይድም።

የላላውን ልስን አራግፈን፣ ክፍተቱን አርጥበን ፎም ሞላንበት። ፎም ፀሐይ ካገኘው በጊዜ ይፈረፈራል። ስለዚህ ሲደርቅ ቆርጠን ከውጭ በኒውትራል ሲልኮን ሸፈንነው። የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹን እንዳንነካ ከመጀመራችን በፊት ፕላስተር ለጠፍንባቸው፤ ስንጨርስ አነሳነው።

ምን ተለወጠ፣ ምን ቀረ

በመጨረሻ የተቀየረው 3 ጥንድ መስታወት፣ የ5 መስኮት ጎማ፣ አንድ መንኮራኩር እና ጥቂት የፕላስቲክ ማረፊያ ነው። 11ዱም ፍሬሞች በቦታቸው ናቸው። ሁሉንም ከመንቀል ጋር ሲነጻጸር ወጪው በጣም ያነሰ ነው። እኔን ያስደሰተኝ ግን ሌላ ነው። እነዚህ ሰዎች አሁን መስኮታቸውን ያውቁታል። ጋሼ ቀዳዳዎቹ የት እንዳሉ ያሳዩኛል። በየዓመቱ ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ ቦዩን በብሩሽ ጠርገው አንድ ብርጭቆ ውሃ እንዲያፈሱ ተስማምተናል። አዳማ ላይ አንድ በጋ ቀዳዳ ለመድፈን የሚበቃ አቧራ ያመጣል።

ሙቀቱን በተመለከተ እውነቱን ነግሬያቸዋለሁ። ሁለት መስታወት ከአየር ወደ አየር የሚያልፈውን ሙቀት ከአንድ መስታወት ጋር ሲነጻጸር ወደ ግማሽ ይቀንሳል። በቀጥታ የምታርፈውን ፀሐይ ግን ብዙም አያግድም። የከሰዓቱ ፀሐይ ለሚመታቸው መስኮቶች ከውጭ ጥላ ማድረግ ይሻላል። መጋረጃ ከውስጥ ሲሆን ሙቀቱ ገብቶ ካበቃ በኋላ ነው የሚያገኘው።

ያላለቀም አለ። የሳሎኑ ትልቅ መስታወት አሁንም አብጧል። ጉም የለውም፤ ስለዚህ አልነካሁትም። ደህና የሆነን ነገር ለመቀየር ምክንያት የለኝም። በየዓመቱ ጠዋት ጠዋት ይታያል። ጉም ከጀመረው ያን ጊዜ ይታዘዝለታል፤ ልኬቱ በደብተሬ ላይ አለ።

ሌላው የሰገነቱ በር ነው። እሱ ከመጀመሪያውም ባለ አንድ መስታወት ነው። መኝታ ቤቶቹ ጸጥ ካሉ በኋላ የበሩ ድምፅ ጎልቶ መሰማት ጀመረ። ተሳቢ በሞተር ፍሬን ሲወርድ አሁን የሚሰማው በእሱ በኩል ነው። በሩ ሰፊ ነው፣ ማጠፊያውም ቀጭን። ሁለት መስታወት ቢገባበት ክብደቱ እጥፍ ስለሚሆን ማጠፊያው አብሮ መቀየር አለበት። እትዬ «እሱ ለከርሞ ይሁን» ብለዋል። እስከዚያ ዙሪያውን ጎማ አድርገንለታል፤ ከታች ደግሞ ብሩሽ።